የችሎት አስከባሪው መሐላ

ቢሂ ሱስ በሚባለው ተራራማ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ፍርድ ቤት ችሎት ሲያስከብር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዳኞቹ የሚያውቁት ዐረብኛ ነው፤ ከተራራው የሚወርደው ባላገር የሚያውቀው ታሽልሂት። ቢሂ በመሃል ቆሞ ስድቡን እየዋጠ፣ ሸካራውን እያለሰለሰ ሲያስተረጉም ኖረ። በምን ሥልጣንህ ያለው ሰው አልነበረም።

ያን ማክሰኞ ግን የከሳሹ የኡበላ ጠበቃ ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ አዲሱ ሕግ ታሽልሂት ለሚናገር ሰው የማለ አስተርጓሚ ይቁም ይላል። ይሄ በር ጠባቂ አይደል እንዴ?»

ዳኛው ቢሂን አዩት። «እጅህን አንሣና ማል። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ከዋሸህ እስር ቤት ነው።»

ቢሂ እጁን አንሥቶ ማለ።

ተከሳሿ ላላ ኢጃ ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ያላቸው ፍሬው ዘይት የሚሰጥ አምስት የአርጋን ዛፍ ነው፤ ጎረቤታቸው ኡበላ «የእኔ ናቸው» ብሎ ከሷቸዋል። በመንደራቸው ፍሬ ሲረግፍ ባለቤቱ ዛፉን በድንጋይ ይከባል፤ የተከበበውን ማንም አይነካም።

«አምና ዛፎቹን ከበዋል?» አሉ ዳኛው።

«አልከበብኩም። የነበረውንም ድንጋይ በገዛ እጄ አነሣሁት።»

ቢሂ መልሱ እንደሚጎዳቸው ገባው። ድሮ ቢሆን «አላስታውስም ይላሉ» ብሎ ያልፈው ነበር። አሮጊቷ ዐይን ዐይኑን ያዩታል፤ እንደ ልጃቸው አምነውታል። ግን ቃል በቃል ተናገረው።

ጠበቃው ብድግ አለ። «አመኑ! ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ይሄን ወፈፌ ምን ያስጮኸዋል?» አሉ ላላ ኢጃ። «ገና መች ጨረስኩና!»

ቢሂ በዚያ ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ክቡር ዳኛ፣ ‹ይሄን ወፈፌ ምን ያስጮኸዋል፣ ገና መች ጨረስኩና› ይላሉ። ሳትቀንስ አይደል ያሉኝ?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «ይቀጥሉ።»

«የኡበላ ሚስት አራስ ነበረች። አራስ ያለበት ቤት ለገንፎው ዘይት እንዲያገኝ ጎረቤት ድንጋዩን ያነሣለታል፤ ደንባችን ነው። አሁን በዚያው ይከሰኛል!»

ቢሂ ተረጎመ። ዳኛው ወደ ኡበላ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ኡበላ ከጧት ጀምሮ በዐረብኛ ሲመልስ ነበር የዋለው። አሁን አንገቱን ደፍቶ በታሽልሂት አጉተመተመ።

«ምን አለ? ምን አለ?» አለ ጠበቃው።

«‹የመጀመሪያውን ቅርጫት ፍሬ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልን› ይላል» አለ ቢሂ።

ዛፎቹ የላላ ኢጃ ሆነው ቀሩ። ቢሂም ከዚያን ቀን ወዲህ ስድብ አይውጥም፤ ጠበቆች ይወቁት።