ግማሹ ትኩሳት

ትናንት ከሰዓት ልጄ ከዙሪክ ደወለችልኝ። አፎልተርን የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «አባዬ፣ ልጁን ትናንትና አስከተብኩት፤ አሁን ያተኩሰዋል... ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው እንዴ?»

እኔም ሳላስበው ስንት ልብስ እንዳለበሰችው ጠየቅኳት። ግራ ገባት። እውነቷን ነው፣ ነገሩን ነግሬያት አላውቅም። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ወጥተን ጄኔቫ፣ ኦኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ እንኖራለን። ይቺው ልጄ ገና የሦስት ወር ጨቅላ ናት። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። እኔ እስር ቤት ሳለሁ ትክትክ ያዘው። ተፈትቼ ቤቴ ስገባ የጠበቀኝ ባዶ አልጋ ነው። ሳይከተብ ነው የሄደው... ስለዚህ ልጅቷን ለማስከተብ እንደ እኔ የቸኮለ ሰው አልነበረም። ዓርብ ዕለት ራሴ ታቅፌ ወስጄ አስወጋኋት።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ እንደገባች የልጅቷ ሰውነት እሳት ሆነ። የተወጋችበት ጭኗ አብጧል፣ ለቅሶዋ አያባራም። ሮጬ እትዬ አስካለን ጠራሁ። እትዬ አስካለ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ አምስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ገና ሲያዩዋት ብርድ መቷት ነው አሉና መስኮቱን ሁሉ አስዘጉኝ። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ፣ በመጨረሻም የራሳቸውን ጋቢ ደረቡላት።

ትኩሳቱ ባሰ። በገዛ እጄ ሁለተኛዋንም ልጄን ገደልኩ ብዬ ከነጋቢዋ ታቅፌያት ወጣሁ።

ሆስፒታል ስንሄድ ወሬው ሕንፃውን አዳርሶታል። እኛ ደግሞ በሽተኛ ብቻውን አንልክም... ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ስድስት ሐበሻ ነን። ክፍሉ ሞልቷል፤ የነርሷ ዓይን በድካም ቀልቷል። ስድስታችንን አየችና የታመመው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ጋቢውን አሳየኋት።

መፍታት ጀመረች። ጋቢ... ብርድ ልብስ... ሹራብ... ሌላ ሹራብ። አንዱ በወለቀ ቁጥር እትዬ አስካለ ያማትባሉ። ልጄ በዳይፐር ብቻ ቀረች። ሐኪሙም መጥቶ ደህና አድርጎ አያት። ቆየት ብለው ሲለኳት ትኩሳቱ ወርዷል፤ ጡጦዋንም መሳብ ጀመረች።

«ግማሹ ትኩሳት የክትባቱ ነው፤ እሱ ያለ ነው» አለችኝ ነርሷ። «ግማሹ ግን የእናንተ ነው።»

ያን ሁሉ ሰው እንዳጨናነቅን ገብቶኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። የሚቀጥለውን ክትባት ግን እንደማላስወጋት ነገርኳት። ለምን ስትለኝ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ስለ ወንዱ ልጄ አወራኋት። ከእስር ከወጣሁ ጀምሮ አልቅሼ አላውቅም ነበር... እዚያ አለቀስኩ።

ስንት ሰው እየጠበቃት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይሄ ትኩሳት ነገ ተነገ ወዲያ ይለቃታል። ትክትክ ግን እንዲህ እንደማይለቅ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል» አለችኝ። ከዚያ በትልልቅ ፊደል ጻፈችልን፦ ልብሷን ማቅለል፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ከፈዘዘች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ወዲያው መምጣት፣ ግራ ከገባን መጀመሪያ መደወል። ስልኩንም ጨመረችበት።

ወረቀቱን የወሰዱት እትዬ አስካለ ናቸው። አስተርጉመው ፍሪጃቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወዲያ ኦኔ ውስጥ ልጅ ያስከተበ ሐበሻ ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ሆነ። እሳቸውም ስልኩን ሲያነሱ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ስንት ልብስ ነው ያለበሳችሁት ይላሉ። ለሁለተኛው ዙር ልጄን ይዤ ስሄድ ጋቢያቸውን ቤት ትተው አብረውኝ መጡ።

ልጄ ይሄን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሁለት ሹራብ» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የወረቀቱን ነገር በቃሌ ነገርኳት፤ ማታ መልሳ ደውላ፣ ጠብቶ እንደተኛ አበሰረችኝ።

የዚያችን ነርስ ስም ሳልጠይቅ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባለችበት እግዜር ይስጣት... ልጄ አርባ ዓመት አልፏት ትክትክን በስም ብቻ ነው የምታውቀው።