«ጣልኩት» ያልኩ ቀን

አልናብሩ በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ እየለየሁ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ኖርዌጅኛዬ እዚያው የተለቀመ ነው፤ ከአለቃዬ ጋር እግባባበታለሁ፣ እቀልድበታለሁም። ስለዚህ አንድ ሰኞ ማለዳ ሁለት ፖሊሶች ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው ለምርመራ ሲወስዱኝ፣ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

እሁድ ዕለት መጋዘኑ ተከፍቶ ስልኮች ተሰርቀዋል። በሩ የተከፈተው ደግሞ በእኔ የመግቢያ ካርድ ነው። ካርዱ አርብ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሞርተንሩድ ስመለስ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ገና ስንቀመጥ፣ «የመናገር ግዴታ የለብሽም። ጠበቃ የማግኘት መብት አለሽ። ከፈለግሽ ቶልክም እንጠራለን» አለችኝ። ቶልክ አስተርጓሚ ነው።

«አያስፈልግም፤ እችላለሁ» አልኳት፤ ኮራ ብዬ።

ካርዱ የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። በአማርኛ አስቤ በኖርዌጅኛ መለስኩ። መንገድ ላይ ጣልኩት፣ ማለትም ሳላውቅ ወደቀብኝ ለማለት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ቆሻሻ ሲጣል የሚባለው ቃል ነው።

«ለምን ወረወርሽው?» አለች ቀና ብላ።

ለማስተካከል በሞከርኩ ቁጥር ባሰበት። በመጨረሻ የጻፈችውን ስታነብልኝ፣ ካርዱን ሆን ብዬ እንዳስወገድኩት ይላል። ፈርሚ አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ደሴ ታስሮ ሳለ፣ «ፈርምና ቤትህ ትገባለህ» ተብሎ ሳያነብ ፈርሟል። ቤቱ ግን አልገባም። ስንቅ ይዤለት ስመላለስ ሁሌ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ምነው እጄን በቆረጠው!»

እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልፈርምም። ያልኩት ይህን አይደለም። ቶልክም ጠበቃም እፈልጋለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መብትሽ ነው» ብላ ምርመራውን አቆመች።

ከሰዓት በኋላ የተመደበችልኝ ጠበቃ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሽበት የጣለባት ረጋ ያለች ሴት ናት። አስተርጓሚው ጎልማሳ ያገሬ ሰው ነው። እንደገና «ጣልኩት» ስል አስተርጓሚው ቆም አለ። ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው ለመርማሪዋ አስረድቶ፣ አስፈቅዶ ወደ እኔ ዞረ።

«ወድቆብዎት ነው ወይስ ሆን ብለው ነው የጣሉት?»

«ወድቆብኝ ነው እንጂ!»

በዚያ ክፍል ውስጥ «እርስዎ» መባሌ ወገቤን አቀናው። ቃሌ በአዲስ ተጻፈ፤ በአማርኛ ተነበበልኝ፤ ያን ጊዜ ፈረምኩ።

ጠበቃዋ በሩ ላይ ያለው ካሜራ እንዲታይ ጠየቀች። ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ታግጃለሁ፤ የሰፈራችን ገበያ ማዕከል ውስጥ ሳልፍ ሰላምታ የሚያሳጥሩብኝ ነበሩ። እኔ ግን አንገቴን አልደፋሁም። በሕግ ፊት ጥፋቴ እስኪረጋገጥ ንጹሕ መሆኔን ጠበቃዋ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም እንደዚያው ሆኜ ተራመድኩ።

አንድ ቀን ስልክ ደወለች። በምስሉ ላይ ካርዴን ይዞ በሩን የሚከፍተው ረጅም ወንድ ነው። ፖሊስ በእኔ ላይ የያዘውን ጉዳይ ዘግቶታል።

ያን ዕለት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ወደ ቤት ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት።

«እማዬ፣ አልፈራሽም?»

«ኧረ ፈርቻለሁ! ግን አልፈረምኩም።»

እየሳቀች አቀፈችኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ለጓደኛዋ ደወለች። እናቷ ፖሊስ ፊት ተቀምጣ እንዴት እምቢ እንዳለች በኖርዌጅኛ፣ ትንሽ ጨመር አድርጋ ስታወራ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ያን ኖርዌጅኛ አንድም ቃል ሳይቀር ገባኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ አዳመጥኳት።