የተመረገው ጋን

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውሃ በፈረቃ ሆኖብናል። ትናንት በሬዲዮ አንዲት ልጅ፣ ድምጿ የሚያምር፣ «ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የመጠጥ ውሃ በቤትዎ ያስቀምጡ፤ ዕቃውን በደንብ ይጠቡ፤ ይክደኑ፤ ሲቆይም ይለውጡት» እያለች ስትመክር ሰማሁ። ልጄም ምክሩን ሰምቶ ኮሪደሩን በጀሪካን ሞላው፤ አሁን ወደ መኝታ ቤት የምሄደው እየተደናቀፍኩ ነው። ምክሩ ደህና ምክር ነው፤ አልቃወምም። የተቀመጠውን ውሃ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣው ግን ልጅቱ አልነገረችንም። እኔ የማውቀው ችግር የሚጀምረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የተወለድኩት ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ መንደር። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ቀደም ብሎ አርፏል። ወንድሜ አዳነን ገበያ እንደወጣ አፍሰው ለውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ቤት የቀረነው እናቴና እኔ ነን። በዚያ በጋ ወንዝ ማዶ ያገባችው ታላቅ እህቴ አስናቀች ሆዷ ሲገፋ ወደ እኛ መጣች፤ በአገራችን ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና።

ያ በጋ ክፉ በጋ ነበር። በልግ የሚባል ጠብ ሳይል ሚያዝያ ገባ። መንገዱ ዱቄት ሆኖ እግራችን እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጥ ነበር። ምንጫችንም ከስቶ፣ አንድ እንስራ ለመሙላት ቁጭ ብለን ስንት ሰው አምተን እንጨርስ ነበር። በዚህ ላይ የመንግሥት ጦር መጥቶ ከመንደራችን በላይ ያለው ሸንተረር ላይ ሰፈረ። ማዶ ካለው ሸንተረር ደግሞ ታጋዮቹ ገብተዋል ይባላል። እናቴ አንድ ቀን ከምንጩ ስትመለስ ሽቅብም ማዶም አየችና እንስራዋን ሳታወርድ፣ «ትርንጎ፣ ትልቁን ጋን አውጪ» አለችኝ።

አዳነ ከሄደ ጀምሮ ጠላ ስላልተጠመቀበት ጋኑ የሸረሪት ቤት ሆኖ ነበር። በግራዋ አጠብነው፤ እናቴ በወይራ አጠነችው። ከዚያ እሷና እኔ ከምንጩ እየተመላለስን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ፣ ሞላነው። ይኼ ሁሉ ደግ ነው። የገረመኝ ቀጥሎ ያደረገችው ነው፤ አፉን በቅጠል ከድና፣ ልክ እንደ ጠላ ድፍድፍ፣ ዙሪያውን በጭቃ መረገችው።

«እማ፣ ውሃ ይመረጋል እንዴ?» አልኳት።

«ያልተመረገ ሁሉ ይቀመሳል» አለች። «አንቺም ትቀምሻለሽ፣ ጎረቤትም ይቀምሳል፣ እኔም እቀምሳለሁ። ይኼ የአስናቀች ነው። ምጥ ሲይዛት ይከፈታል።»

ወሬው ወዲያው መንደሩን አዳረሰ። «ትርንጎ፣ እናትሽ ውሃ ጠመቀች አሉ! መቼ ነው የሚደርሰው?» እያሉ ሴቶቹ ምንጭ ላይ ሳቁብኝ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ ቢጠምቁትስ?» ያለችም ነበረች። አፍሬ እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ተኩሱ አንድ ማለዳ ተጀመረና ምንጩ ከሁለቱ ጦር መሃል ቀረ። ወደዚያ የወረደች ላም እንኳ አልተመለሰችም። እንስራው ውስጥ የነበረችውን ውሃ እየቆጠብን ጨረስን። ከዚያ በኋላ የሽምብራ ቆሎ ጉሮሮ ላይ ይቀር ጀመር፤ በሶ ነበረን፣ መበጥበጫ ግን የለም። ጋኑ ጓዳ ጥግ ቁጭ ብሎ ያየናል። አስናቀች ከንፈሯ ደርቆ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እማ፣ ትንሽ ብንከፍተው?» አለች። እናቴ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ከከፈትነው ለምጥሽ አይደርስም። ቻይው» አለቻት። አስናቀችም ቻለችው። የእሷ የሆነውን ውሃ እያየች ቻለችው።

ምጡ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። እናቴ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ወገቧን ደገፈችና ቅሉን እንዳቀብላት ጠራችኝ። ጭቃውን ልትሰብረው እጇን ስትዘረጋ በሩን በርግደው ወታደሮች ገቡ።

ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ ቤቱ ጠበበን። ፊታቸው አቧራ ለብሶ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አንደኛው፣ አሥር አለቃ ነው ሲሉት ሰማሁ፣ ዓይኑ ወዲያው ጋኑ ላይ አረፈ።

«እናቴ፣ ጠላውን አውጪልን» አለ። ምላሱ ደርቆ ቃሉ በቅጡ አይሰማም።

«ውሃ ነው ልጄ። ልጄ ምጥ ላይ ናት፤ የእሷ ውሃ ነው።»

«ውሃ ማን መርጎ ያውቃል!» ብሎ ጮኸባት። ምን ይበል? እኛስ ብንሆን ማን ያምናል? በአገሩ ሁሉ የተመረገ ጋን ጠላ ነው። የጠመንጃውን ሰደፍ ጭቃው ላይ አሳረፈው። ምርጊቱን ብቻ ሊሰብር ነበር፤ ጋኑ ግን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተሰነጠቀና ውሃው ግልብጥ ብሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ የሆነውን ዛሬም በደንብ አልናገረውም። ወታደሮቹ ወለሉ ላይ ተደፉ። በቆባቸው፣ በመዳፋቸው፣ አንዱ ደግሞ በምላሱ ጭቃውን ይልስ ነበር። አሥር አለቃው ብቻ ቆሞ ቀረ። ጋኑ ሥር፣ ከስንጥቁ በታች፣ ትንሽ ውሃ ተርፋ ነበር። ሁላቸውም ቀና ብለው እሷን አዩ። ማንም ግን አልነካትም፤ እናቴን ጠበቁ።

አስናቀች ከመደቡ ላይ፣ «እማ፣ ውሃ» አለች።

እናቴ ቅሉን አነሳች። ወደ እህቴ ትሄዳለች ስል ያንን መሬት ሲልስ የነበረውን አጠጣችው። ከዚያ ቀጣዩን። ከዚያ ሌላውን። «እማ! ለእታለም እኮ ነው!» ብዬ ልብሷን ጎተትኳት። ዞር ሳትል፣ «አዳነም አሁን የሰው ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?» አለች። ለአስናቀች የደረሳት አፍ የማትሞላ፣ አፈር የበዛባት ጉንጭ ናት።

አሥር አለቃው ሲወጣ፣ ሲገባ «አንቺ» ያላትን እናቴን፣ «እናቴ፣ እግዜር ይስጥዎ። ጋኑን ሰበርንብዎ» አላት።

ልጁ ከቀትር በኋላ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። የገንፎ ዱቄቱ ተነፍቶ ተቀምጧል፣ የሚገነፋበት ውሃ የለም። ልጁን በቅቤ ጠራርገን ጠቀለልነው። በማግስቱ ተኩሱ ወደ ወገዳ ራቀ፤ እኔም እንስራዬን ይዤ እየሮጥኩ ወረድኩ። ጎረቤቶች አጥሚት አመጡ፣ አብሽ አመጡ። የአስናቀች ጡት ግን ወተት አልያዘም። ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ።

እናቴ «የእግዜር ሥራ ነው» አለች። እውነቷን ይሆናል፤ እህቴ ውሃ ጠግባ ብትጠጣም ኖሮ ሊሞት ይችል ነበር። አስናቀች ግን ጓዟን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለቻት፤ «አንቺ ለሌለው ልጅሽ አጠጣሽ። የእኔ እቤትሽ ነበር።» ወንዙን ተሻግራ ሄደች። አዳነም እንደወጣ ቀረ፤ መርዶውን እንኳ የሚያመጣልን አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ለቅሶ ቤትና ተዝካር ላይ ይገናኙ ነበር። ይሳሳማሉ፣ ስለ እህልና ስለ ከብት ይጠያየቃሉ። ስለዚያ ቀን ግን በመካከላቸው ቃል ወጥቶ አያውቅም። አስናቀች ሌሎች ልጆች ወልዳ አሳደገች፤ አንዱንም እናቴ ቤት አልወለደችም።

እናቴ ያረፈችው እኔ ዘንድ፣ ባሕር ዳር ነው። ስትደክም ለአስናቀች ላክሁባትና መጣች፤ እሷም አርጅታለች። እናቴ ውሃ ስትጠይቅ አስናቀች በኩባያ ይዛላት ቀረበች። እናቴ ኩባያውን በእጇ መለሰችው።

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አለቻት።

«አልጠማኝም፣ እማ።»

«ያን ቀን ጠምቶሽ ነበር።»

አስናቀች ኩባያውን ወደ አፏ አነሳችና ጠጣችው። አጋመሰችው ስል አላቆመችም፤ እንባዋ እየወረደ እስከ ጥጉ ጨረሰችው። እናቴ ሌላ እስክቀዳላት ድረስ ከንፈሯን እየላሰች በትዕግሥት ጠበቀች።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ «እናትሽ ጻድቅ ነበሩ» ይለኛል። የሚለኝ ሁሉ ግን ጠግቦ የጠጣ ሰው ነው። እኔ በእናቴ ልኮራ ስል እህቴ ከመደቡ ላይ «እማ» ስትል ትሰማኛለች። በእናቴ ልቆጣ ስል ደግሞ ያ ወታደር ልጅ መሬት ሲልስ ይታየኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉም ላዳርሰው ሞከርኩ፤ ውሃው ግን አንድ ጋን ብቻ ነበር።