አጥር ላይ የተሰጣችው ነጠላ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ አጥር ላይ ነጠላ ባዩ ቁጥር ምን ያስነሳዎታል? ይንገሩን እንጂ» አሉኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ ከሰቆጣ በላይ ያለው መንደራችን ኩፍኝ ገባበት። ታናሽ ወንድሜ ታመመ። እናቴ እኔን እንዳይዘኝ ብላ ጋራው ላይ ወደምትኖረው አክስቴ ሰደደችኝ። «በየጠዋቱ ነጠላዬን አጥር ላይ አሰጣለሁ፤ እሷን ካየሽ ደህና ነን» አለችኝ። በሽታው እንዳይዛመት ከመንደር ወደ ጋራው የሚወጣ ሰው አልነበረም።

የገና ዕለት የዶሮው ወጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ፍየል ከቋጥኝ ቋጥኝ ትዘያለሽ፤ አረፍ በይ!» አለችኝ አክስቴ።

ቁልቁል አየሁ። ነጠላዋ አለች፤ ቀዩ ጥለቷ ግን ወደ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ ዛሬ ተገልብጣለች! ልውረድ?»

አክስቴ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ብዙ አየች። «ነፋስ ነው ልጄ፤ ነይ ብይ» አለች። እሷ ግን አልቀመሰችም።

ይኸው ዛሬም የተሰጣ ነጠላ ሳይ፣ ጥለቱ ወዴት እንደዞረ ሳላረጋግጥ አልቀመጥም።

ወንድሜ እንደሞተ ያወቅሁት ከጋራው ወርጄ ቤት ስገባ ነው፤ የተቀበረው በገና ዋዜማ እንደነበር የሰማሁት ግን ካገባሁ በኋላ ነው። ሴት ስታዝን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደምትለብስ ያኔ አላውቅም ነበር። ነጠላዋን የገለበጠቻት እናቴ ናት፤ አክስቴ እንድታውቅ።