የተሻለች ነዶና የፅዮን ዕለት ደመና

እትዬ ተሻለችን አንድ ተራ ቀን ብዙ ያስከፍላታል። ጠዋት ውሃ ስትቀዳ ትከሻዋን፣ ረፋዱ ላይ ስታጭድ ወገቧን፣ ማታ ልጇን ማሂን ስታስጠና ዓይኗን። "ቀኑም ቀረጥ አለው" ትላለች እየሳቀች።

እኔና እሷ አርሲ ውስጥ፣ ሳጉሬ ከተማ ዳር አጥር ለአጥር ነን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት አንዲት ተዳፋት ማሳ ናት፤ የማጨጃው መኪና ኮምባይነር ስለማይወጣባት ስንዴዋን በማጭድ ታጭዳለች። ዘንድሮ አጭዳ ጨርሳ ነዶው ገና መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ኅዳር ፅዮን ደረሰ። የዓመቱ ቀለብም የከርሞው ዘርም ያ ነዶ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሬዲዮው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ወደ አርሲ እየተጠጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊጥል ይችላል አለ። ቀና ብዬ የጭላሎን ተራራ አየሁ። ጫፉ ጥርት ብሏል። እኛ ዘንድ ጭላሎ ደመና ካልተከናነበ ዝናብ ይመጣል ብሎ የሚያምን የለም።

"እንከምረው ይሆን?" አልኳት።

"በፅዮን? እንኳን መሥራት ሰው ማዘዙም ሥራ ነው።"

በሌላው ጎን ከአጥሯ ማዶ ያለው ነስረዲን ሙስሊም ነው። በእኛ በዓል እሱ ሥራዋን ያነሳላታል፤ በዒድ እሷ ከብቶቹን ታይለታለች። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ አይቶ ይመጣል እንጂ። ያን ቀን ግን እሱም ጭላሎን አይቶ ተቀምጧል።

ነፋሱ ቆመ። የወጥ ቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ መሬት ለመሬት ተሳበ። ያዘልኳት ልጄ ያለ ምክንያት ታለቅስ ጀመር። ከኋላችን፣ በዝዋይ በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

እትዬ ተሻለች አጥሩ ጋ ሄደች። "ነስረዲን፣ ሬዲዮው በረዶ ይመጣል ብሏል።"

"አቦ ተይኝ፣ ባለፈውም ብሎ ነበር፤ በፀሐይ ተጠበስን። ጭላሎን አታይም?"

"እኔ ወሬ ነው የነገርኩህ። እስቲ ወደ ኋላ ዞር በል።"

ዞረ። "እንግዲህ አንቺ አላዘዝሽም" አለና ወንዶች ልጆቹን ጠራ።

ግማሹ ተከምሮ ሸራ እንደለበሰ በረዶው ቆርቆሮውን መታው። የቀረው ዓይናችን እያየ ነጭ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጋሽ ግዛቸው ሬዲዮ የላቸውም፤ የእሳቸው ነዶ በሙሉ እንደተኛ ነበር። ማንም አልነገራቸውም።

"ዘሩ እንኳ ተርፏል" አልኳት።

ወደ ዝዋይ እያየች፣ "ነገም ዝናብ አለ ተብሏል" አለች። ቆይታም፣ "መጻፍ ትወጂ የለ? ለሚያነቡት እንዲህ በይልኝ፦ ትንበያ ስትሰሙ ለብቻችሁ አትያዙት። በዓልም ቢሆን አጥሩ ጋ ሂዱና ለጎረቤት ንገሩ። ወንዝ ማዶ ላለውም።"