አያ ተገኝ ዘይት ሲመርጡ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የውሃ መሳቢያ ሞተር ዘይት ልገዛ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቁን የሚጠብቀው ጎረምሳ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ስንት ቁጥር ልስጥዎት አባቴ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ በእሱ የሳቅኩ መስሎት ፊቱን ቋጠረ። «ባንተ አይደለም ልጄ፣ ቁጥር ስትለኝ አንድ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው» አልኩት። የሰውየውን ነገር እዚያው ላጫውተው አሰብኩና ከኋላዬ ሰው ስለቆመ ተውኩት። ወሬ ደግሞ ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ እነሆ ለእናንተ።

ድርቁ ወሎን አራቁቶ ካለፈ በኋላ ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ መሬት ላራሹ ታውጇል፣ በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ተቋቁሟል። የእኛ ቀበሌ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ ደጋ ነው። የአካባቢው ባላባት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረቻቸው። አዋጁ ሲመጣ ባላባቱም ሾፌራቸውም እግሬ አውጪኝ አሉ። ትራክተሯ ግን የት ትሂድ? የማኅበሩ ሆነች።

ሾፌር ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ምክንያቱም አንድ በጋ ሙሉ በደሴና በወረኢሉ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ መኪናው አቀበት ላይ ሲቆም ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ መወተፍ ነበር። በመንደራችን ግን ይኸው የሞተር ሊቅ ለመባል በቃኝ። ስምንተኛ ክፍል መድረሴ ሲጨመርበትማ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። ለጎረምሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ግን የዚያ ዓመት ነገር የቀልድ አልነበረም። ድርቁ በሬዎቻችንን ጨርሷቸዋል። በመላው ቀበሌ ሁለት ጠምዶ የሚያርስ ሰው አልነበረም፤ አንድ በሬ የተረፈውም ቆዳና አጥንት ነው። ለዘር የሚሆን ስንዴ ከእርዳታ ተሰጥቶን በማኅበሩ ጎተራ ተቆልፎበታል። የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ክረምቱ ጠንከር ካለ ጭቃው በሬም ሰውም ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ ማረስ የለም። ሰኔ ገብቷል፣ ሰማዩ መጠቋቆር ጀምሯል። ሳይታረስ ክረምቱ ከገባ የተራበ ሰው ያንን ዘር ፈጭቶ ይበላዋል፣ ማንም አይፈርድበትም። ለከርሞ ግን የሚዘራ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

እና ትራክተሯ አትሠራም። ብዙ ጊዜ ቆማ ስለከረመች ስናስነሣት ጥቁር ጭስ ተፍታ ትጠፋለች። ያ የጭነት መኪና ሾፌር አዘውትሮ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ዘይትና ፊልትሮ ያልቀየረ ሞተር ይቀይራል።» እኔም ይችኑ ነገር በስብሰባ ላይ እንደ ራሴ አድርጌ ተናገርኩ። ፊልትሮ ማለት የዘይቱን እድፍ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው ብዬ አስረዳሁ። ተጨበጨበልኝ። ከሊቀ መንበሩ ከአያ ተገኝ ጋር ደሴ ሄደን እንድንገዛ ተወሰነ።

አያ ተገኝን የማያውቃቸው ገበያተኛ አልነበረም። ቅቤና ማር በመለየት ስም ያወጡ ሰው ናቸው። በጣታቸው ቆንጠር አድርገው፣ በመዳፋቸው ጀርባ አሽተው፣ አሽትተው፣ ምላሳቸው ላይ ጣል ያደርጉና «ይቺ ሞራ ገብቶባታል»፣ «ይሄ ስኳር አለበት» ይላሉ። ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም የሚያምነው የለም። ሙሽራ የሚድር ሁሉ ለማር ግዢ ይዟቸው ይሄዳል። ታዲያ ለዘይት ግዢ ከእሳቸው የተሻለ ማን ይላክ? እኔም ብሆን እሳቸውን ነበር የምመርጥ።

አሮጌውን ፊልትሮ በስልቻ ከተትን። ከሞተሩ የቀዳነውን አሮጌ ዘይት ደግሞ አያ ተገኝ በአረቄ ጠርሙስ ሞሉት። «ናሙና ሳይዙ ገበያ መሄድ ሞኝነት ነው» አሉ። ዘይቱ ተቀይሮ ስለማያውቅ ጥላሸትና አቧራ ጠጥቶ፣ ጠርሙሱን ስትዘቀዝቁት እያሰበ ነበር የሚወርደው።

ደሴ ደርሰን ሸዋበር አካባቢ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የመለዋወጫ ነጋዴ አገኘን። ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» አሉ አያ ተገኝ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ግቡ፣ ግቡ። አገር ሰላም? ዝናቡስ ጣለላችሁ?»

ፊልትሮው አላስቸገረም። ሐጂ አሮጌውን አገላብጠው አዩና ከመደርደሪያ አምሳያውን አወረዱ። አያ ተገኝ አዲሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ውስጡን ሲያዩ ደነገጡ።

«ወረቀት ነው እኮ!»

«አዎ፣ ወረቀት ነው።»

«አንቱ ሐጂ፣ ጠላ በወረቀት ተጠልሎ ያውቃል? ሲርስ አይበጣጠስም?»

«ጌታው፣ ይሄ የጠላ አይደለም» አሉ ሐጂ በትዕግሥት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው። አያ ተገኝ ጥንድ በሬ እንደሚያስተያይ ሰው ዞር ዞር ብለው አዩዋቸውና «ወንድማማቾች ናቸው» ብለው ተቀበሉ።

ችግሩ ዘይቱ ላይ መጣ። ሐጂ አንድ ቆርቆሮ ከፍተው እንጨት ነክረው አሳዩን። ዘይቱ ከእንጨቱ ጫፍ ጠብ ጠብ አለ። የአያ ተገኝ ግንባር ተጨማደደ።

«ውሃ ገብቶበታል።»

«አዑዙ ቢላህ! እኔ ነኝ ውሃ የምጨምረው?»

«አንቱን መች አልኩ። ያመጡላችሁ ሰዎች ይሆናሉ እንጂ።»

ጣታቸውን ነከሩ፣ መዳፋቸው ጀርባ ላይ አሹ፣ አሸተቱ። ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ ቆም አሉ። ለካ የሰኔ ጾም ነው!

«ለመሆኑ ይሄ ዘይት ፍስክ ነው?»

ሐጂ እንደ መሳቅ ብለው በጢማቸው ሸፈኑት። «ከመሬት ውስጥ የተቀዳ ነው። ወላሂ፣ ከብት የሚባል አልነካውም።»

«እንግዲያ ይጾማል» አሉና ቀመሱ። ወዲያው ወደ በር ሮጠው ተፉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል። «ጣዕም የለው፣ ወዝ የለው። ይልቅ ይሄን እዩ» ብለው የአረቄውን ጠርሙስ አወጡና ዘቀዘቁት። የኛው ዘይት እያዘገመ ወረደ። «እንዲህ ያለ ወፍራም የላችሁም?»

«ያ እኮ ቆሽሾ ነው የወፈረው ጌታው።»

«እድፍ አቅጥኖ ያውቃል እንጂ አወፍሮ ያውቃል?»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሐጂ ከጥግ ሌላ ቆርቆሮ አመጡ። እንጨቱን ሲነክሩትና ሲያወጡት ዘይቱ እንደ ማር ተጎተተ፤ ክሩ አልበጠስ አለ። አያ ተገኝ «ኧረ እሰይ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ይሄ ግን የካምቢዮ ነው፣ የማርሽ ነው» አሉ ሐጂ። «ለሞተር አይሆንም።»

«ካምቢዮው የማን ነው? የትራክተሯ አይደል? ለእግሯ የተስማማ ለሆዷ ምን ያደርጋታል?» ብለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ የመኪና ሰው፣ ምን ትላለህ?»

«ያ ሾፌር ለሞተር አርባ ቁጥር ሲል ሰምቻለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ይሄኛውስ ስንት ነው ሐጂ?»

«መቶ አርባ።»

አያ ተገኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። «ስምንተኛ ክፍል ደርሰሃል አይደል? ከአርባና ከመቶ አርባ የትኛው ይበልጣል?»

«መቶ አርባ።»

«በቃ!»

ሐጂ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ያ ረህማን! እኔ ተናግሬአለሁ። አላህ ያግራላችሁ እንግዲህ።» ቆርቆሮውን ግን ራሳቸው ተሸክመው እስከምንሳፈርበት የጭነት መኪና ሸኙን። ደግ ሰው ነበሩ።

የመልሱ መንገድ ዝናብ ነበር። ከጭነቱ ላይ ተቀምጠን የጉጉፍቱን ተራራ ስናልፍ ጉሙ እርስ በርስ አላስተያየን አለ፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አያ ተገኝ ጋቢያቸውን አውልቀው ቆርቆሮውን ጠቀለሉበት፣ ራሳቸው በሸሚዝ ተንቀጠቀጡ። ወረኢሉ ላይ ሽሮና የባቄላ አሹቅ ስንበላ እንኳ በጉልበታቸው መካከል ይዘውት ነበር። የዝናቡን ድምፅ ሲሰሙ ግን መጉረሳቸውን ያቆማሉ። «ትንሽ ቢታገሰን ምን አለበት?» ይላሉ፣ ለማን እንደሚሉ እንጃ። ዝናብ ስንለምን ኖረን ዝናቡን ቆይ ስንለው ፈራሁ።

ደርሰን ፊልትሮውን አሠርኩ፣ ዘይቱን ሞላን። ለመውረድ ዘለግ ያለ ጊዜ ወሰደበት። «አያችሁ? ማር!» ይላሉ አያ ተገኝ ለተሰበሰበው ሰው።

በማግሥቱ ጠዋት ማኒቬላውን፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ማስነሻውን ብረት፣ አስገብቼ ላስነሣ ሞከርኩ። የሚዞር ነገር የለም። ግድግዳ የምገፋ መሰለኝ። ጉልበተኛ ነኝ ያለ ሁሉ ተሰለፈ፤ አንዱ ወገቡን ይዞ ተመለሰ፣ አንዱ ሱሪው ተተረተረ። ሼህ ሙሄ ሰዉን ሰብስበው ዱአ አደረጉ፤ «ያ ረቢ፣ ይችን ከብት አስነሣልን!» እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ቄሱም ጠበል ረጩባት። ትራክተሯ ንቅንቅ አላለችም።

ይህን ጊዜ የአያ ተገኝ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጡ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘው፣ ጫፏ ላይ የረጋውን አይተው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እናንተዬ፣ የረጋ ቅቤ በጸሎት ቀልጦ ያውቃል? እሳት አምጡ እንጂ!»

የኩበት ፍም በገል ታፍሶ መጣ። እኔ ጮህኩ። «እትዬ፣ ናፍጣ አለበት፣ ይቃጠላል!»

«ቢቃጠልስ?» አሉኝ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ካላረሰች ያንን ዘር መብላታችን ነው። በድርቁ ሁለት ልጆቼን ቀብሬአለሁ። ለከርሞ ለቀሩት ምን ልስጣቸው?»

አያ ተገኝ ገሉን ከሚስታቸው እጅ ተቀበሉና ተንበርክከው ከሞተሩ ሆድ ሥር አስገቡት። እኔም ተንበረከክሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ፍሙ ሲለወጥ፣ ሲለወጥ፣ ማኒቬላው አንዴ እጄ ላይ ላላ። አዞርኩት። ሞተሯ አጓራች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ውሾች ሸሹ፣ እልልታው ቀለጠ። አያ ተገኝ ደረታቸውን ነፍተው «ዘይቱ ነው!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራክተር ማሞቅ በተራ ሆነ። ቤተሰብ ሁሉ ተራው ሲደርስ ፍም ይዞ ይመጣል። ተራውን የዘነጋ ሰው በዕድርተኛ ፊት ይወቀሳል። እሷም እያቃሰተች፣ እየጨሰች አረሰች። የመጨረሻው እርሻ ላይ ጥቂት ሲቀራት አንድ አስደንጋጭ ጩኸት ጮኸችና ደረቀች። የቀረውን በዶማ ቆፈርን፤ ስንዴው መሬት ገባ። ክረምቱም በማግሥቱ ተከታትሎ ወረደ።

ስንዴው አማረ። ከአጨዳ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሞተሯን ያየ መካኒክ ራሱን ይዞ ስቋል፤ ግን ትጠገናለች ብሏል። እንጠግን ወይስ በሬ እንግዛ? ሲባል አንድም እጅ ለትራክተሯ አልወጣም። የእኔም እጅ አልወጣም። አያ ተገኝ በድርሻቸው አንድ ቀይ ወይፈን ገዙ። መጀመሪያ የጠመዱት ዕለት አብሬአቸው ነበርኩ። ጅራፋቸውን አጩኸው «ና ሞተር! ዙር ሞተር!» ሲሉ ሰምቼ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ያተረፈችን ስሟ ይጠራ እንጂ» አሉኝ።

አያ ተገኝም እትዬ ዘነቡም አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ባለፈው ሰኔ ለለቅሶ ወደዚያ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ወጣት ያርሳል፤ «ሞተር! ተመለስ ሞተር!» ይላል። ቆምኩ። «ልጄ፣ ለምን ሞተር አልከው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እንጃ አባ» አለኝ። «በእኛ አገር ጎበዝ በሬ እንዲሁ ነው የሚባል።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እንባዬ ቀደመኝና «እደግ» ብቻ አልኩት። ዝናቡ እየመጣ ስለነበር እሱም ወደ እርፉ ተመለሰ።