ከግንቡ ማዶ የሚመለሱት ቀንድ አውጣዎች

እማማ ዘሃራ አከራዬ ናቸው። ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ መኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራው መገናኛ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ውዬ ስመለስ በር ላይ የሚቀበለኝ የጓሯቸው ጠረን ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ እርጥብ አፈር። ባለቤታቸው ጋሽ አብዱልሐሚድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከእሳቸው ወዲህ እማማ ዘሃራ ያላቸው ያ ጓሮና አንድ ልጃቸው ሳና ናት።

ሳና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፤ ቤቷ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷን ወደዚያ ለመውሰድ ከቆረጠች ቆይታለች። ክፉ ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ ስለምትፈራ ነው። የእማማ ዘሃራ እናት ደሴ ውስጥ በስተርጅና አእምሯቸው እየከዳቸው ሄዶ፣ አንድ ቀን ከቤት ወጥተው በሁለተኛው ቀን ወንዝ ዳር ነው የተገኙት። እማማ ዘሃራ ደግሞ በረመዳን ማንቆርቆሪያ ጥደው ረስተው ቤቱ በጭስ ሊያልቅ ነበር። ያን ጊዜ ሳና ለብቻዬ ጠራችኝና፣ «ማሂ፣ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅይ። አንድ ደስ የማይል ነገር ካየሽ ደውዪልኝ፤ በቃ ያን ቀን ወስዳታለሁ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ጆሮ ጠቢነት የጀመርኩት እንዲህ ነው። እማማ ዘሃራም አላጡትም፤ ሰላጣቸውን እየኮተኮቱ ቀና ሳይሉ፣ ከዚህ አፈር የለዩኝ ቀን ሞቼ ቅበሩኝ ብለውኛል።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ቀንድ አውጣ ወረደብን። ቤት የተሸከመውም መጣ፣ ቤት የሌለውም መጣ፤ ቤት የሌለው የተላጠ ምላስ ይመስላል፣ ማየት ያንገፈግፋል። ሰላጣው በሦስት ቀን ወንፊት ሆነ። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት የሚያብረቀርቀው መንገዳቸው ከጎመኑ መደብ ተነስቶ፣ የእማማን መኝታ ቤት ግድግዳ ወጥቶ፣ መስኮቱ መስታወት ላይ ያበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያዩዋቸው ያደሩ ይመስላል። ይህን ስላቸው ሳቁብኝ።

አመድ በመደቡ ዙሪያ ነሰነሱ፤ ዝናቡ አጠበው። የእንቁላል ቅርፊት አደቀቁ፤ አለፉት። እኔ ጨው አልኩና አንዱ ላይ በተንኩ። አረፋ ደፍቆ ሲጨማደድ እጄን ያዙኝ። «ቤቱን ተሸክሞ የሚዞርን ፍጡር ከቤቱ አላስለቅቅም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያመጡት ዘዴ ይህ ነው፤ ሱብሒ ሰግደው እንደጨረሱ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው ይወጣሉ፣ ቢስሚላህ እያሉ አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ጣሳው ሲሞላ በግንቡ ላይ አሻግረው ወደ ጎረቤት ይደፋሉ።

ስለ ግንቡ መናገር አለብኝ። ከማዶ ያለው ጊቢ የአቶ ገብረሰንበትና የባለቤታቸው የወይዘሮ ወርቄ ነው። ድሮ በመሃላቸው ከቁጥቋጦ አጥር በቀር ምንም አልነበረም፤ ሁለቱ ሴቶች ነፍስና ሥጋ ነበሩ። ዶሮዎቻቸው ተቀላቅለው ስለሚውሉ ለመለየት ምልክት ያደርጉባቸው ነበር አሉ። ከአሥር ዓመት በፊት ባሎቻቸው በግማሽ ሜትር መሬት ተጣሉ፣ ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ግንቡ ተገነባ፣ አናቱ ላይም የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ። ሴቶቹም ተቆራረጡ። እማማን ያቃጠላቸው ግን ግንቡ አይደለም። ጋሽ አብዱልሐሚድ ሲሞቱ ሰፈሩ ሁሉ ድንኳኑን ሞልቶት እነዚያ ሁለቱ ለቅሶ አልደረሱም። ባልየው ይቅር፤ ወርቄ መቅረቷን ግን አልረሱላትም። ከዚያ ወዲህ ስሟን የሚያነሱት ጣሳውን ሲደፉ ብቻ ነው። «በይ ወርቄ፣ ቁርስሽ» ይሉና ፈገግ ይላሉ።

የእነዚያ በር በወዲያኛው ሰፈር በኩል ስለሆነ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ አናይም። ከእኛ በኩል የሚታየው የዛገ ጣሪያና ያልተገረዘ ዛፍ ነው። ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም። እኔ ባዶ ቤት ነበር የሚመስለኝ።

በሳምንቱ እማማ ቀንድ አውጣዎቹ እየተመለሱ ነው አሉ። ኧረ ሌሎች ናቸው ብዬ ተከራከርኩ። ለጨዋታ ያህል ከመገናኛ መንገድ ዳር የገዛሁትን ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣሁና ክዳኑን ፈልቅቄ ከፈትኩት። በአሥራ አንዱ ጀርባ ላይ አንድ አንድ ቀይ ነጥብ አደረግንና ደፋናቸው። በማግስቱ የመጣ የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማማ በሬን አንኳኩ። ጣሳውን ዘረጉልኝ።

ሰባቱ ተመልሰዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ፣ ከእኔ ቀይ ነጥብ አጠገብ፣ አንድ ነጭ ነጥብ አለ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። እርስዎስ ልል ፈልጌ ዋጥኩት፤ እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት። ነጩ ነጥብ ክብ ነው፤ ሰው በጣቱ ጫፍ እንዳኖረው ያስታውቃል። እማማ አንዱን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ይህን ነጭ ነጥብ የማውቀው ይመስለኛል፣ ከየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ አሉና መልሰው ጣሳው ውስጥ ከተቱት። እኔም ፈራሁ። ቀንድ አውጣውን አይደለም የፈራሁት፤ እሳቸውን ነው።

ሲወጡ ጠብቄ ዕቃ ቤቱን ፈተሽኩ። ጥግ ላይ፣ ለግድግዳ ተገዝቶ የተረፈ ኖራ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። በማግስቱ ሌላ ሁለት መጣ፣ ሁለቱም ነጭ ነጥብ ያላቸው። ያን ዕለት ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ስልኩን ሳነሳ ስጥል ቆየሁና ለሳና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። «አያቴም እንደዚህ ነው የጀመራት። ቅዳሜ አይሱዙ ይዤ መጣለሁ» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን ጠላሁት።

እማማ ሲነገራቸው ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። የሌሊት ልብሳቸውን እጅጌ እየገለበጡ ኖራ ፈለጉበት፤ ጥፍራቸውን በብርሃን አዩ። «ምናልባት እኔው ነኝ ማኅደር። ሰው ራሱን ካላመነ ማንን ያምናል?» አሉ። ከዚያ የሰላጣቸውን ዘር በጨርቅ ቋጥረው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። አያት አራተኛ ፎቅ ላይ የት ሊዘሩት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ዓርብ ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ፤ የመጨረሻቸው ነው ብዬ ነው። ጉሙ ከመሬት አልተነሳም፣ ካፊያ አለ። ሁለታችንም ጎመኑ መደብ ዘንድ ጎንበስ ብለን ሳለን ከግንቡ ማዶ የሚጎተት ነገር ሰማሁ፤ ወንበር ይመስላል። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ። ቀና ስል አንድ እጅ በግንቡ አናት ላይ ወጣ።

አጥንት ብቻ የቀረው እጅ ነው፣ ጣቶቹ በኖራ ነጭ ሆነዋል። የጠርሙሱን ስባሪ እየዳበሰ፣ ሳይቸኩል፣ ባዶ ቦታ ፈለገና አንድ ቀንድ አውጣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ተመልሶ ወረደ። ሌላ ይዞ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እማማ ቢስሚላህ አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ማነው እዚያ?»

እጁ ባለበት ቀረ። ከማዶ የመጣው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

«ወርቄ፣ አንቺ ነሽ? ቀዩን አየሁልሽ እኮ። ለዘሃራ ላክሁላት፤ ሁሉንም ላክሁላት።»

እማማ ዘሃራ ግንቡን ተደገፉ። ቀይ፣ አሉ ለራሳቸው፤ የወርቄ ዶሮዎች ቀይ። የእኔ ነጭ። ነገሩን ኋላ ነው ያስረዱኝ። ድሮ ሁለቱ ሴቶች ዶሮ ሲለዩ ወርቄ በቀይ የጥፍር ቀለም፣ ዘሃራ በኖራ ነበር ምልክት የሚያደርጉት፤ ለሌላዋ የተሰጠች ዶሮ ደግሞ በአሮጌው ምልክት አጠገብ አዲሱ ይጨመርባታል። ቀይ ያለበት ነጭ ማለት ከወርቄ ለዘሃራ ማለት ነው።

«ዘሃራ ነኝ ጋሼ። ወርቄ የት ሄዳ ነው የሚጠሯት?» አሉ።

ማዶው ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እማማ አወቁት መሰለኝ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አቶ ገብረሰንበት ወርቄ ካረፈች ዓመት አልፏታል አሉ። ጋሽ አብዱልሐሚድ የሞቱ ጊዜ እሷ አልጋ ላይ ነበረች፤ ሂድልኝ ብላ ለምናቸዋለች፣ እሳቸው አፍረው ቀሩ። ስትሞት ወንድሟ አገሯ ወስዶ ቀበራት። ዘሃራን ታረቅልኝ ብላ ነው የሞተችው። «ለቅሶሽን ሳልደርስ በምን አፌ መርዶ ላርዳሽ?» አሉ። ከዚያ ቀይ ነጥብ ያለበት ቀንድ አውጣ ከዘሃራ በኩል ሲመጣባቸው፣ ወርቄ ቃሉን እያስታወሰችኝ ነው ብለው ነጩን እየጨመሩ መላክ ያዙ። ከበር ዞሮ መምጣቱን ግን አልደፈሩም።

እማማ ዘሃራ ጭቃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በወርቄ ላይ ሦስት ዓመት የያዙት ቂም በአንድ ጠዋት ወደ ራሳቸው ዞረ፤ የእሷን ለቅሶ ያልደረሱት እሳቸው ናቸው። ቁርስሽ እያሉ ቀንድ አውጣ ይደፉባት የነበረው ለሞተች ሴት ነው። አቅፌ አነሳኋቸው፤ እኔም አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሳና አይሱዙ ይዛ ስትመጣ ቤቱ ባዶ ነው፣ የጊቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሻንጣው አልጋው ላይ አለ። የሳና ፊት አመድ መሰለ፤ ደሴ ወንዝ ዳር የተገኙት አያቷ ትዝ እንዳሏት አወቅሁ። እኔ ግን ትልቁ ድስት ከምድጃው ላይ መጥፋቱን አይቼ ነበርና እጇን ይዤ በወዲያኛው ሰፈር ዞርኩ፤ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል።

እማማ ከአቶ ገብረሰንበት ሳሎን፣ ምንጣፍ ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ንፍሮው ፊታቸው ነው። ሁለት የሰፈር ሴቶች አብረዋቸው አሉ። ሳና ጎንበስ ብላ፣ እማዬ መኪናው ቆሟል አለች።

«ለቅሶ ላይ ነኝ ልጄ። ሦስት ቀን እቀመጣለሁ፤ ከለቅሶ ቤት ሰው ይጎተታል እንዴ?» አሉ እማማ። ቀጥለው የዶሮዎቹን ነገር ከመጀመሪያው ነገሯት። የትኛዋ አንካሳ እንደነበረች፣ የትኛዋን ወርቄ ሳና ስትወለድ ለአራስ መጠየቂያ እንደሰጠቻቸው፣ ሳና ራሷ በስንት ዓመቷ ኖራውን ፊቷ ላይ ቀብታ እንደተገረፈች። ሳና መጀመሪያ ቆማ ሰማች፣ ቀጥላ ጫማዋን አወለቀች፣ ከዚያ እናቷ ጎን ተቀመጠች። ሾፌሩ ሲደውልላት ባዶውን እንዲመለስ ነገረችው።

ስንወጣ አቶ ገብረሰንበት ወደ በሩ ሸኙኝ። ቀለሙ የእኔ እንደሆነ፣ በሐምሌ እንደገዛሁት ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የለም ልጄ፣ ከዚያ በፊት ነው። የመጀመሪያዋ የመጣችው በግንቦት፣ የወርቄ ሙት ዓመት ዕለት ነው። ይዤያታለሁ» አሉኝና ከመስኮቱ ደፍ አንድ ባዶ ቅርፊት አንስተው በመዳፌ ላይ አኖሩት። ቀዩ ነጥብ ፈዟል፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። የእኔ ቀለም ገና አዲስ ነው።

ሳና ከኋላዬ ደርሳ ምን አሉሽ አለችኝ። ቅርፊቱን መልሼ ሰጠኋቸውና ምንም አልኳት። ስለ እናቷ ሰፈር ለሳና ያልነገርኳት ነገር እሱ ብቻ ነው።